ያልተናበቡ ደብተሮች

የሐሙሲት ገበያ፣ ስሟ እንደሚናገረው፣ ሐሙስ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከፍ ብላ የምትገኘውን ይህችን ከተማ መንገደኛ በሌላው ቀን ብዙም ሳያስተውላት ያልፋል። ሐሙስ ግን የደራ ገጠርም የፎገራ ሜዳም ሰው ይጎርፍባታል። በ1998 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከነዚህ ሐሙሶች በአንደኛው፣ ባሕር ዳር የሚኖሩ አንዲት የሐሙሲት ተወላጅ ዘንቢላቸውን ይዘው ከአውቶቡስ ወረዱ። የመጡት በርበሬና ሽንኩርት ሊሸምቱ ነበር። ገበያው መግቢያ ላይ አንዲት የቀድሞ ጎረቤታቸው አገኘቻቸውና እቅፍ አድርጋ «እግዜር ያጥናዎት» አለቻቸው። ወንድማቸው ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

መርዶ በአገራችን ወግ አለው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። እኒያ ሴት ግን መርዶአቸውን በገበያ መካከል፣ ዘንቢል በእጃቸው እንደያዙ ሰሙ። ከዚያም የባሰ ነገር ለቅሶ ቤት ጠበቃቸው። «ከወንድሟ ጋር ተኮራርፋ ነው የቀረችው» ተብሎ ነበር። እድሩ «ተደውሎላቸዋል» ብሏል፤ ቤተሰቡም እድሩን አምኗል። እድሩም አልዋሸም፤ በእርግጥ ተደውሎ ነበር። የተደወለው ግን በማይሠራ ቁጥር ነበር።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ቁጥር ታሪክ ይከተላል። አንድ የስም ዝርዝር በሁለትና በሦስት ቦታ ሲጻፍ ውሎ አድሮ ለምን ይለያያል? ሰዎች፣ ኋላም ኮምፒዩተሮች፣ ዝርዝሮቹን መልሰው ለማስማማት ምን አደረጉ? ጥያቄው የመሣሪያ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን መሣሪያው ሳይመጣም ነበረ።

ሦስቱ ደብተሮች

እድራችን ሦስት ደብተር ነበረው። የመጀመሪያው የጸሐፊው ነው። ጸሐፊው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሽማግሌ ስለነበሩ ትልቁም ትንሹም «የኔታ» ነበር የሚላቸው። የእሳቸው ደብተር አባላቱን የያዘው በገቡበት ቅደም ተከተል ነው። ሁለተኛው የገንዘብ ያዡ የባለሱቁ ደብተር ነው፤ እዚያ የሰው ስም የሚገኘው ከወርኃዊ መዋጮው ጎን ነው። ሦስተኛው ጥሩምባ ነፊው በደረት ኪሱ የሚይዛት ትንሽ ማስታወሻ ናት። እሷ ደግሞ ሰውን የምታውቀው በሰፈር ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀምራ ከአስፋልቱ ማዶ እስካሉት ቤቶች ድረስ፣ ጥሩምባ ነፊው በሌሊት በሚዞርበት መንገድ ስሞቹን ትደረድራለች።

ሦስቱም ለየሥራቸው የተመቹ ስለነበሩ አንዱን አስቀርቶ በሌላው መሥራት አልተቻለም። አባል ሲሞት ስሙን የሚሰርዘው ጸሐፊው ነው። ቤት የቀየረውን ቀድሞ የሚያውቀው ጥሩምባ ነፊው ነው። ስልክ የለወጠ ሰው ደግሞ መዋጮውን ሊከፍል ሲሄድ ለገንዘብ ያዡ ይነግራል። እንግዲህ ዜናው በሦስት በር ይገባል፤ ከገባበት ክፍል ወደ ሌላው የሚያልፍበት በር ግን አልነበረም።

ስለ እድር ታሪክ የጻፉ እንደነ አሉላ ፓንክረስት ያሉ አጥኚዎች፣ መተዳደሪያ ደንብና መዝገብ ያለው የዛሬው እድር በአመዛኙ የ20ኛው መቶ ዓመት የከተማ ኑሮ ፍሬ መሆኑን ያመለክታሉ። ይህ አያስደንቅም። ሰው ሁሉ በአንድ ደብር ጥላ ሥር በሚኖርበት መንደር ዝርዝር ምን ይሠራል? የለቅሶው ድምፅ ራሱ ይጠራል። መዝገብ የሚያስፈልገው ሰው መበተን ሲጀምር ነው። ሐሙሲት ላይም እንዲሁ ሆነ። የአባላቱ ልጆች፣ እኅቶችና ወንድሞች ባሕር ዳር፣ ወረታ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ሲገቡ የጥሩምባው ድምፅ አልደርስ አለ። ያኔ ከስሙ ጎን የስልክ ቁጥር ይጻፍ ጀመር።

ቁጥሩ ሲለወጥ

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ አገልግሎቱ የሚቆጠረውም እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው። በአነስተኛ ከተሞች ለረጅም ጊዜ የነበረው በእጅ የሚሠራ ማዞሪያ ነው። ደዋዩ ኦፕሬተሩን «እገሌን አገናኘኝ» ይለዋል፤ ኦፕሬተሩም ያገናኘዋል። ዝርዝሩ በኦፕሬተሩ ራስ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ብቻ ስለነበረም ከሌላ ዝርዝር ጋር አይጋጭም። ክፋቱ፣ ኦፕሬተሩ ሲታመም ከተማው ሁሉ አብሮት ይታመማል።

ቀጥታ መደወል ሲስፋፋ ያ አንድ ዝርዝር ፈርሶ በየሰው ኪስ ተበተነ። መበተኑ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የታየው በመስከረም 1998 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር የአገሪቱ የስልክ ቁጥሮች በሙሉ አዲስ አሠራር ወጣላቸው። የአዲስ አበባው 01 ወደ 011፣ የባሕር ዳሩ 08 ወደ 058 ተለወጠ። ስድስት አሐዝ የነበረው መደበኛ ስልክ ሰባት አሐዝ ሆነ። በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ሞባይልም፣ 09 ይል የነበረው 0911 ማለት ጀመረ። በአንድ ሌሊት፣ በመላው ኢትዮጵያ በየደብተሩ፣ በየካላንደሩ ጀርባና በየግድግዳው የተጻፈ ቁጥር ሁሉ አሮጌ ሆነ።

ለውጡ ደንብ ስለነበረው ቀላል ይመስል ነበር፤ ከፊት አሐዝ መጨመር ብቻ ነው። ችግሩ የታረመውና ያልታረመው ቁጥር በደብተር ላይ ሲታዩ መመሳሰላቸው ነው። «ይህን አርሜዋለሁ ወይስ አላረምኩትም?» የሚለው ጥያቄ ያን ሰሞን በየቤቱ ነበር። የታረመውን እንደገና ያረመ፣ ያልታረመውን ታርሟል ብሎ ያለፈ ብዙ ነው። በዚያ ላይ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት ጀምሮ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ተቋርጦ ስለነበር፣ አዲሱን ቁጥር ለወዳጅ ዘመድ በአንድ ጊዜ ማዳረሻ መንገድ አልነበረም።

እኒያ ሴት አዲሱን ቁጥራቸውን ተናግረው ነበር። ኅዳር ላይ መዋጮ ሊከፍሉ ሲመጡ ነግረውት፣ ገንዘብ ያዡ በደብተሩ ኅዳግ ላይ ጽፎታል። ወንድማቸው ባረፉበት ሌሊት ግን እንዲደውል የታዘዘው ወጣት ይዞት የሄደው የየኔታን ደብተር ነበር። እዚያ ያለው ባለ ስድስት አሐዙ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ስላልሠራለት «ደውያለሁ» ብሎ ተመለሰ።

«ቁም በል!»

በማግሥቱ እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ሰው ቂም ይዞ ነበር፤ ጥፋተኛ ይፈለግ የሚልም አልጠፋ። የኔታ ግን ሦስቱም ደብተሮች እንዲመጡ አዘዙ። እኔ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ወደ እኔ ዞረው «አንተ ልጅ፣ የኔን ያዝና ጮህ ብለህ አንብብ» አሉኝ። ገንዘብ ያዡንና ጥሩምባ ነፊውን ደግሞ «እናንተ በየራሳችሁ ላይ ተከተሉት። የተለየ ስታገኙ ቁም በሉት» አሏቸው።

ማንበብ ጀመርኩ። «ቁም በል!» የሚለው ቃል ከመብዛቱ የተነሳ ወጣቶቹ መሳቅ ጀመሩ። አንዱ አባል በአንዱ ደብተር ላይ በክርስትና ስሙ፣ በሌላው በዓለም ስሙ ተመዝግቦ ሁለት ሰው ሆኖ ኖሯል። ከሁለት ዓመት በፊት የሞቱ አሮጊት በጥሩምባ ነፊው ማስታወሻ ላይ በሕይወት አሉ። የእኒያ ሴት ስም ጋ ስንደርስ ግን የሳቀ አልነበረም።

ሁለት ደብተር በተለያየ ጊዜ ሁሉ እኔ «የቱን እንያዝ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የየኔታ መልስ አንድ ነበር፦ «ደብተር አይመልስልህም፤ ባለቤቱን ጠይቅ።» ባለቤቱ እዚያው ካለ ይጠየቃል፤ ከሌለ ስሙ አጠገብ ምልክት ይደረግና ሰው ይላክበታል። ከታረመው ቁጥር ጎን ደግሞ የታረመበት ቀን ይጻፋል። ቀኑ በኋላ ለሚመጣው ሰው የትኛው እንደሚቀድም ይነግረዋል፤ የታረመውም እንደገና ከመታረም ይድናል።

የኔታ ይህን ዘዴ ያመጡት ከብራና ነው። መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው ያየውን ሁሉ ያየሁት መስሎት ያልፋል፤ መስመር ይዘላል፣ ቃል ይደግማል። ስለዚህ አንዱ ምንጩን ያነባል፣ ሌላው ቅጂውን ይዞ ይከታተላል። በግዕዝ ሰዋስው ተጣምረው የሚነበቡ እንደ «ቤተ መንግሥት» ያሉ ቃላት ተናባቢ ይባላሉ። ዛሬም በባንክና በመሥሪያ ቤት ሁለት መዝገብ ሳይስማማ ሲቀር «አይናበብም» እንላለን። ቃሉ የዕደ ጥበብ ቃል ነው ለማለት ያስደፍራል።

ምሳሌውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ከሐሙሲት ወደ ጣና ዳር ሲወርዱ ቆራጣ ይገኛል። ቆራጣ በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ባወጁ ጊዜ አሻፈረኝ ብለው የቆሙት የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ማኅበር መቀመጫ ነበር። ገድላቸውን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1672 ጻፈው። መጽሐፉ እየተገለበጠ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሄደ፤ ባሕርም ተሻገረ። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1912 ሲያሳትመው የተመሠረተው በአንድ ቅጂ ላይ ነበር። ዌንዲ ላውራ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ያወጡት ግን በርካታ ቅጂዎችን አመሳክረው ነው። ከ340 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው ስሕተት እንዳለበት እንኳ አያውቅም፤ ስሕተት የሚታየው ሁለተኛው ሲመጣ ነው።

ፊደሉና መሣሪያው

እድራችን ኮምፒዩተር የደረሰው ዘግይቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። የአንድ አባል ልጅ ዝርዝሩን ባሕር ዳር አስጽፎ በፍላሽ ይዞ መጣ። ሐሙሲት ላይ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት ግን ስሞቹ በሙሉ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነው ታዩ። ቁጥሮቹ አሉ፤ ሰዎቹ ጠፍተዋል።

ምክንያቱ ከዚያ ሃያ ዓመት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአገር ውስጥም በውጭም የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር አስገብተዋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የዘመኑ አሠራር ለአንድ ፊደል ሠንጠረዥ የሚሰጠው ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ብቻውን ከ200 ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሎቹን በመሰለው ቦታ ደለደላቸው። በፓወር ግዕዝ የተጻፈው ቪዥዋል ግዕዝ ብቻ ባለው ማሽን ላይ አልነበብ ያለው በዚህ የተነሳ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ደብተር ነበረው፤ የሚያናብባቸው አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ ለማስፈር ከተነሳው ከዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል አካተተ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትም አገር፣ በየትኛውም ማሽን ላይ ቁጥሩ 4608 ነው። አዲሱ ሥርዓት በየጽሕፈት ቤቱ እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

ዩኒኮድም ቢሆን ያዳነው ግማሹን ነው። «ሀ» 4608 ሲሆን «ሐ» 4624፣ «ኀ» ደግሞ 4736 ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ለማሽኑ ሦስት ናቸው። «ሐሙሲት» ብሎ የጻፈና «ሀሙሲት» ብሎ የጻፈ፣ በኮምፒዩተሩ ሚዛን ሁለት ከተማ ጽፈዋል። ፀሐይ የተባለች ሴት በ«ፀ» እና በ«ጸ»፣ በ«ሐ» እና በ«ሀ» ስትጻፍ አራት ሴት ትሆናለች። በላቲን ፊደል የመዘገባት ካለማ ስንት እንደምትሆን እንጃ።

ሌላም አለ። የአድራሻ ዝርዝር ከማሽን ወደ ማሽን የሚተላለፍበት ቪካርድ የተባለው መደበኛ ቅርጽ በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ስምን የሚያስቀምጠው የቤተሰብ ስምን አስቀድሞ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራሳችንና የአባታችን ስም ነው። አንዱ የአባቱን ስም በዚያ ሣጥን ያስገባል፤ ሌላው ሁለቱንም ስም በአንዱ ሣጥን ይጽፋል። ሁለቱ ዝርዝሮች ሲገናኙ አንዱ ሰው መንታ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዴም ልጁ በአባቱ ስም ተደርድሮ፣ የሚፈልገው ሰው ሳያገኘው ይቀራል።

የመቃብር ድንጋይ

ዝርዝርን በሁለት መሣሪያ ላይ ማስማማትን ለተራው ሰው ካስተዋወቁት መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፓይለት የተባለው የኪስ ኮምፒዩተር ነው። ባለቤቱ መሣሪያውን ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር ጋር በተገናኘው ማስቀመጫ ላይ አኑሮ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ሁለቱ ይናበባሉ። አሠራሩ ከየኔታ ብዙም አይርቅም። ካለፈው ንባብ ወዲህ የተለወጠ ስም ሁሉ ምልክት አለው፤ ምልክት ያለባቸው ብቻ ይተላለፋሉ። አንዱ ስም በሁለቱም ላይ በተለያየ መንገድ ከተለወጠ ግን ማሽኑ አይፈርድም። ሁለቱንም ያስቀምጥና ውሳኔውን ለባለቤቱ ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ካርድዳቭ የተባለው ደንብ ደግሞ ዋናውን ዝርዝር በአንድ ሩቅ ማዕከል አስቀምጦ ስልኩም ኮምፒዩተሩም ከዚያ እንዲቀዱ አደረገ። የድሮው ማዞሪያ ኦፕሬተር በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደው መሰረዝ ነው። አንድ ስም በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ኖሮ በሌላው ላይ ከሌለ፣ እዚህ ተጨምሮ ነው ወይስ እዚያ ተሰርዞ? ማሽኑ ከባዶ ቦታ ምንም ሊያነብ አይችልም። ተጨምሮ ነው ብሎ ከገመተ፣ የተሰረዘውን ስም መልሶ ያመጣዋል። ስለዚህ የሙያው ሰዎች የተሰረዘን ስም ፈጽመው አያጠፉትም፤ «ይህ ተሰርዟል» የሚል ምልክት በቦታው ይተዋሉ። ምልክቱን በእንግሊዝኛ የሚጠሩት «የመቃብር ድንጋይ» ብለው ነው።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ የየኔታ ደብተር ትዝ አለኝ። እሳቸው የሞተ አባል ስም አይፍቁም፤ አያጠቁሩም። በላዩ ቀጭን መስመር ያሰምሩና ከጎኑ «ዐረፈ» ብለው ቀኑን ይጽፋሉ። ለጸሎት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለመናበቢያም ነው። ሌላው ደብተር ይዞት ሲመጣ፣ እንዳልተዘነጋ ነገር ግን እንዳለፈ ያሳያል።

የኔታ በ2011 ዓ.ም. ዐረፉ። ቁጥራቸውን ከስልኬ ላይ ያን ጊዜ ሰረዝኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ስልክ ገዝቼ ዝርዝሬን ከአሮጌው ኮምፒዩተሬ ሳመጣ፣ ስማቸው ከነቁጥራቸው ተመልሶ መጣ። አልሰረዝኩትም። ከስማቸው ጎን «ዐረፉ» ብዬ ቀኑን ጻፍኩበት።

ዛሬስ? የሰው ቁጥር እንደገና በዝቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮም በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ስለመጣ፣ አንዱ አባል ሁለት ስልክ ይይዛል። ሩቅ ማዕከል ላይ የተቀመጠ ዝርዝር መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ከማዕከሉ የሚቀዳ ዝርዝር ያለው ሰው በእጁ የቀረው ካለፈው ንባብ የተረፈው ብቻ ነበር። ሞት ግን ኔትወርክ አይጠብቅም። እድሩ በደብተሩ ሠራ።

ከዚያች ጥር ወዲህ እድራችን በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ መዝገቡን ያናብባል። ኮምፒዩተር ላይ ያለውም ታትሞ ይቀርባል። አንዱ ጮህ ብሎ ያነባል፤ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ባለስሙ ካለ ይመልሳል። ባለፈው ዓመት ሄጄ ነበር። እኒያ ሴት አርጅተዋል፤ ግን ከባሕር ዳር በጠዋት ተነሥተው መጥተዋል። ለመዋጮው ቢሆን በልጃቸው መላክ ይችሉ ነበር። ስማቸው ሲጠራ ከፍ ባለ ድምፅ መለሱ፦ «አቤት፣ አለሁ። ቁጥሬም ያው ነው፤ በሦስቱም ላይ እዩልኝ።»